የኮፍያው አበባ

በአረም መከላከል ጽሕፈት ቤት ውስጥ አረምን ከአትክልት ለይቶ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ የተመደቡት መከላከሉ ላይ ነው። ይህ ሰው የቅጠሉን ጠርዝ ዳስሶ፣ የግንዱን ጠጉር አይቶ፣ አንዳንዴም አሽትቶ ብቻ ለማንኛውም ተክል ዘር ማንዘሩን ይቆጥርለታል። ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቀ አንዲትም ነገር ቁርጥ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም። «ይህ የጎመን ቅጠል ነው?» ቢሉት «ምናልባት» ይላል። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ «ዝናብ ነው እንዴ?» ቢሉት መስኮቱን ከፍቶ፣ እጁን አውጥቶ፣ የራሰ መዳፉን ካየ በኋላ «የሚመስል ነገር አለ» ይላል። በዚህ የተነሳ ከጥበቃው እስከ ጸሐፊዋ ድረስ ያለው ሰው አቶ ምናልባት ብሎ ሰየመውና የመዝገብ ስሙን የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሆኖ ቀረ።

እሱም አልተቀየመም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለውን ተረት ከልቡ ያመነ ሰው ነው። አብረውት የተቀጠሩት አፈ ፈጣኖች አንዱ ተዛውሮ፣ አንዱ ተባሮ፣ አንዱ ደግሞ ኩርፊያ ይዞት ሥራውን ጥሎ ሄዶ አልቀዋል። እሱ ግን በዚያው መስኮት ሥር፣ በዚያው ወንበር ላይ፣ በወረቀት መካከል ካደረቃቸው ቅጠሎች ጋር ተቀምጧል። ቅጠሎቹ አይናገሩም፣ እሱም አይናገርም፣ ተስማምተው ይኖራሉ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አበባ ወዳድ ናቸው። አንድ ጊዜ ባሕር ማዶ ለሥልጠና ሄደው ሲመለሱ የአበባ ዘር ይዘው መጡ። ሥልጠናው የተከለከለ ዘር ድንበር እንዳያልፍ ስለ መቆጣጠር ነበር። ዘሩን ካልሲ ውስጥ ከተው እንዳሳለፉት ራሳቸው እየሳቁ ያወሩታል፤ ፈታሹ ሻንጣውን ሲበረብር ቆይቶ ካልሲው ጋ ሲደርስ ፊቱን አዞረ አሉ። ዘሩን በግቢው በር ግራና ቀኝ ዘሩት፤ በቀለ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ግንዱ ወገብ ይደርሳል፣ ቅጠሉ ዙሪያውን እሾህ ነው፣ አናቱ ላይ እንደ ጢም መላጫ ብሩሽ የቆመ ሐምራዊ አበባ አለው። «የተስፋ አበባ» ብለው ስም አወጡለት።

አቶ ምናልባት አበባው የፈነዳ ዕለት ጠዋት በሩ ላይ ቆም አለ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየው። አበባውን ከሥር የታቀፈውን የእሾህ አንገትጌ ቆጠረ፤ በግንዱ ላይ እንደ ክንፍ የተለጠፈውን ቅጠል በጣቱ ነካ፤ ጣቱ ደማ። ደሙን በመሐረቡ ጠርጎ፣ ለጥበቃው እንደምን አደርክ ብሎ፣ ወደ ቢሮው ገባ። ዝም አይነቅዝም።

ቆይቶ ጽሕፈት ቤቱ ዓርማ ያስፈልገዋል ተባለ። ሠዓሊ መጣ፣ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ከቆሻሻ ገንዳው፣ ከቆመው መኪናና ከአበባው በቀር ሌላ የሚሣል ነገር አላገኘም። ስለዚህ ሐምራዊው አበባ በማኅተሙ፣ በመኪናው በር፣ በሻይ ኩባያው፣ በቲሸርቱና በኮፍያው ላይ ወጣ። አረም ሊከላከል የተቋቋመ መሥሪያ ቤት አረሙን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ሲዞር አንድም ሰው አልሳቀም። ለመሳቅ መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የሚያውቀው ደግሞ ኮፍያውን አድርጎ ሻዩን እየጠጣ ነው።

ከጽሕፈት ቤቱ ቁልቁል፣ ከጀርባው አጥር ማዶ፣ የመንደሩ የጋራ ግጦሽ አለ። የአቶ ምናልባት ታላቅ እህት ቤቷ እዚያው ግጦሹ ዳር ነው፤ ላሞች አሏት፣ ኑሮዋም እነሱ ናቸው። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች እሱን አዝላ ያሳደገችው፣ ወተት እየሸጠች ቅጠል እስኪለይ ድረስ ያስተማረችው እሷ ናት። ጸጉሩ ሸብቶም ቢሆን እሷ ዘንድ ስሙ ማሙሽ ነው። እሱም እትዬ ይላታል፣ ይፈራታል፣ ይወዳታል። በዓለም ላይ የእሱን ቃል ያለ ማስረጃ የምታምን ሰው ብትኖር እሷ ብቻ ናት።

አንድ ቀን ጠዋት እህትየዋ ጆንያ ተሸክማ ቢሮው ገባች። ጸሐፊዋ ቀጠሮ አለዎት ወይ ብላ ብትጠይቃት፣ ከተወለደ ጀምሮ አለኝ ብላ አልፋት መጣች። ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ከነሥሩ የተነቀለ፣ አፈሩ ያልረገፈ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው እሾሃም ተክል ወጣ። መንደሩ አፍ ወጊ ብሎ ሰይሞታል። ነጠብጣቧ ላሟ ከንፈሯ ተቀዶ፣ ምላሷ አብጦ፣ መኖ ማኘክ አቅቷት እንደቆመች ነገረችው። ወተቷም ነጥፏል። ይህ ነገር በበቀለበት ዙሪያውን ሣር የሚባል የለም፤ ውኃውን ጠጥቶ መሬቱን ያነጣዋል። አምና በአጥሩ ጥግ ሁለት ሦስት እግር ነበር፤ ዘንድሮ የግጦሹን እኩሌታ ይዞታል። ሰው ልጆቹን በባዶ እግራቸው መስደድ ትቷል።

«ማሙሽ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለችው።

ዓይኑ ከተክሉ ተነስቶ ከእህቱ ራስ በላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሄደ። እዚያም ያው ሐምራዊ አበባ አለ፣ በወርቃማ ክብ ውስጥ።

«እትዬ፣ ምናልባት…»

«ምናልባት የሚሉህ እነሱ ናቸው። እኔ ያን ስም አላወጣሁልህም። አረም ነው፣ አይደለም?»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። ተመልሶ ከመቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ነገራት፤ አረም ነው፣ ከውጭ የመጣ ክፉ ወራሪ አረም ነው፣ ሲሞት እንኳ ዘሩን ዕዳ አድርጎ ትቶ የሚሄድ ዓይነት ነው። መድኃኒቱንም ነገራት። አበባው ሐምራዊ ሆኖ ሳለ ከነሥሩ ተቆፍሮ ከተነቀለ ያልቃል። አበባው ደርቆ ነጭ ጥጥ ካወጣ ግን መንካት የለም፤ የነካው ሰው ዘሩን ዘራው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ያለው ብልሃት ራስ ራሱን ቀስ ብሎ እየቆረጡ ከረጢት ውስጥ ከቶ ማቃጠል ብቻ ነው።

እህቱ ይህን ሰምታ ደስ አላት። ያስቸገራት የግጦሹ ማኅበር ደንብ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ አረም ነው ያለውን የማኅበሩ አባላት በሙሉ ወጥተው በአንድ ቀን ይነቅላሉ። ጽሕፈት ቤቱ ያላለውን የነቀለ ግን የጋራ ሀብት አጥፍቷል ተብሎ ከግጦሹ ይባረራል። እሷ ብቻዋን ሜዳውን ሁሉ ልትነቅል አትችልም፣ ብትችልም አይፈቀድላትም። የምትፈልገው የጽሕፈት ቤቱን አንድ ቃል ነው። ቃሉ ነጩ ጥጥ ሳይወጣ ከደረሰ ላሞቿ ይተርፋሉ፤ ካልደረሰ ለከርሞ የሚጋጥ የለምና ትሸጣቸዋለች፤ በዚህ ዕድሜዋ ደግሞ ሌላ ሥራ አታውቅም።

«ለሰዎቹ ንገራቸው በቃ። ሳይቃጠል በቅጠል» አለችው።

«እነግራቸዋለሁ» አለ። በዚያች ሰዓት ከልቡ ነበር።

በማግስቱ ተክሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ኃላፊው ቢሮ ገባ። ኃላፊው ሲያዩት ፊታቸው በራ። የተስፋ አበባ ያለ በጀትና ያለ ሠራተኛ በራሱ ጉልበት ወርዶ ሕዝቡ ዘንድ መድረሱ እጅግ አስደሰታቸው፤ ለዓመቱ ሪፖርት የሚሆን ነገር ነው አሉ። አቶ ምናልባት ሌሊቱን ሲያጠናው ያደረውን ዓረፍተ ነገር አወጣ፤ ይህ ተክል ጎጂ ወራሪ አረም ሊሆን የሚችልበት ሁኔታ ፈጽሞ የለም ብሎ ለመደምደም በመጠኑ ያስቸግራል አለ። በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ ደፋሩ ንግግር ይህ ነው።

ኃላፊው ንግግሩን በልባቸው ለመፍታት ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ኩባያቸውን አዩ፣ ማኅተሙን አዩ፣ ማንጠልጠያው ላይ ያለውን ኮፍያ አዩ። እሳቸውም ተነስተው በሩን ዘጉ። በዚያ መሥሪያ ቤት እውነት በተነገረ ቁጥር አንድ በር ይዘጋል።

«ይህን ነገር ሌላ ማን ያውቃል?»

«ላሞቹ» አለ አቶ ምናልባት፣ እህቱን ላለማስነካት።

ኮሚቴ ተቋቋመ። የደመወዝ ክፍሉ፣ የሕዝብ ግንኙነቱ፣ የመኪና ስምሪቱና አቶ ምናልባት ተሰበሰቡ፤ ኃላፊው መሩት። ጠረጴዛው መካከል በአበባ ማስቀመጫ የተስፋ አበባ ቆሞ ነበር፤ ተናጋሪው ሁሉ እሾሁ እንዳይወጋው ክንዱን ሰብስቦ ይናገራል። የሕዝብ ግንኙነቱ ለአረም ዘመቻው የታዘዙት ቲሸርቶች እየታተሙ ስለሆነ ዓርማ መቀየር የማይታሰብ ነው አለ። የደመወዝ ክፍሉ በበሩ ላይ ያለው አበባ በንብረትነት ስለተመዘገበ አረም ሊሆን እንደማይችል አስረዳ። የመኪና ስምሪቱ የሚናገረው ስላልነበረው የተባለውን ሁሉ ደገፈ። በመጨረሻ ተክሉ ሁለት ነው ተብሎ ተወሰነ፤ አንደኛው የቢሮ ዝርያ፣ ሁለተኛው የሜዳ ዝርያ። መልካቸው ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም። ሕዝቡ የሚነቅለው የሜዳውን ነው።

ለሕዝቡ የሚለጠፍ ፖስተር እንዲሣል ሠዓሊው ተጠራ። እህትየዋ ያመጣችውን ተክል ፊቱ አስቀምጦ አንድ በአንድ ሣለው። ኃላፊው ሥዕሉን ሲያዩ ከላይ ዓርማው፣ ከታች አረሙ፣ ሁለቱ መንታ መንታ ሆነው ቁጭ ብለዋል። ይህማ ሰው ያደናግራል አሉ፤ እስቲ አበባውን ቢጫ አድርገው አሉት። አደረገው። አሁንም ይመሳሰላል። ቅጠሉን ሰፋ አድርገው፣ በግንዱ ላይ ያለውን ክንፍ አጥፋው፣ አጠር አድርገው አሉት። ሠዓሊው የታዘዘውን እያደረገ፣ ጥቂት ብርቱካንማም ጣል እያደረገበት፣ ሥዕሉ በመጨረሻ ከአፍ ወጊ ጋር የሚያገናኘው እሾሃም መሆኑ ብቻ ሆነ።

አቶ ምናልባት ሊፈርም ብዕሩን አንስቶ ሥዕሉን ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሥዕሉ ሱፍ ነው። ከፍሬው ዘይት የሚጨመቅ፣ ቢጫ አበባ ያለው፣ እሾሃሙ ሱፍ፣ ቁርጥ እሱን። ይህን ሱፍ የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። የእህቱ አጥር ነው። የሰው ከብት ግቢዋ እንዳይገባ ዙሪያውን ጥቅጥቅ አድርጋ የምትዘራው፣ በልጅነቱ እያቋረጠ ቁርጭምጭሚቱን ያስቧጨረው ሱፍ ነው።

«ይህ ሱፍ ይመስላል» አለ።

ኃላፊው ከወረቀታቸው ቀና አሉ። «ይመስላል ነው፣ ወይስ ነው?»

የደመወዝ ክፍሉ አየው። የሕዝብ ግንኙነቱ ሰዓቱን አየ። የመኪና ስምሪቱ ለመደገፍ ተዘጋጀ።

«ይመስላል» አለና ፈረመ።

ወደ ቤቱ ሲሄድ ራሱን በራሱ አጽናና። ሱፍን የማያውቅ ሰው የት አለ፤ ሥዕሉን ያየ ሁሉ ስቆ ያልፋል፤ ሰው ሜዳ ሲወርድ አፍ ወጊውን አይቶ ራሱ ይረዳል፤ የሚያስፈልገው ሰዉ እንዲወጣ ነው፣ ወጣ ማለት ደግሞ አለቀ ማለት ነው። ሰው ሲፈራ ስንት ዓይነት ብልሃት እንደሚያመነጭ ይገርማል። ለእህቱም ዘመቻው ሊጀመር ነው ብሎ ላከባት፤ ስለ ሥዕሉ አላነሳም።

ቲሸርቶቹ ግን ዘገዩ። ኃላፊው ያለ ቲሸርት ዘመቻ የለም ብለው ስለነበር ሁሉም ነገር ማተሚያ ቤቱን ጠበቀ። እህትየዋ በየጠዋቱ ግጦሹን ታያለች። ሐምራዊው እየጠወለገ፣ ቡናማ እየሆነ፣ አንዳንዱ ጫፉ ላይ ነጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። በየቀኑ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መልእክት ላከች፤ በየቀኑ ነገ ነው የሚል መልስ መጣላት። እሷ ግን ሰውን አላማችም። ለጎረቤቶቿ ወንድሜ ነው ያስደረገው፣ ቃሉን አያጥፍም፣ ብላ ነበር።

የዘመቻው ዕለት ከከተማው በአውቶቡስ የመጣው ሰው ብዛት ለጉድ ነው። ሁሉም አዲስ ቲሸርት ለብሷል፣ ሁሉም ኮፍያ አድርጓል፣ በየእጁም ፖስተሩን ይዟል። የመንደሩም ሰው መጥረቢያና ዶማውን ይዞ ወጣ። እህትየዋ ለሠራተኛው የሚጠጣ ውኃ በእንስራ ሞልታ ደጇ ላይ ደርድራ ነበር። ኃላፊው ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆመው ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብለው ንግግር አደረጉ፤ ተጨበጨበላቸው።

ከዚያ ሰልፉ ወደ ግጦሹ ተሠማራ። የከተማው ሰው በአፍ ወጊው መካከል ሲያልፍ በአክብሮት ነበር። ግንባሩ ላይ ያለውን አበባ ሜዳ ላይ ሲያገኘው እንደ ዘመድ ተደሰተበት። አንዱ ሊረግጠው ሲል ጓደኛው ክንዱን ይዞ ዓርማችንን እንዳታጠፋ አለው። ንፋስ ያጎነበሰውን አንዱን ግንድ ደግሞ አንዲት ሴት ቀና አድርጋ በእንጨት ደገፈችው። ሁሉም ፖስተሩን እያየ ቢጫውን አረም ይፈልጋል፤ ሜዳው ላይ ግን ቢጫ የሚባል የለም። በመጨረሻ አንዱ ከዳር ጮኸ። እህትየዋ ግቢ ዙሪያ ቢጫ፣ እሾሃም፣ ልክ እንደ ሥዕሉ የሆነ ነገር ቆሟል።

የመንደሩ ሰዎች ሱፍን ያውቁታል። አንዳንዶቹ አመነቱ፣ ይህማ ሱፍ አይደለም ወይ ተባባሉ። ነገር ግን ፖስተሩ ማኅተም አለው፣ ደንቡም ጽሕፈት ቤቱ ያለውን ነቅለህ ጣል ነው የሚለው። ከብቶቻቸው በዚያ አጥር ምክንያት ተከልክለው የኖሩ ጎረቤቶች ደግሞ ደንብ ማክበር ከመቼውም ይልቅ ደስ አላቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እነሱ ግን ነቀነቁት ብቻ አይደለም፣ ከነሥሩ አወጡት። እህትየዋ ከእንስራዎቿ አጠገብ ቆማ ታያለች። አጥሩ ሲከፈት ላሞቿ ወጥተው፣ ሣር ያለ መስሏቸው፣ ወደ አፍ ወጊው ሜዳ ገቡ።

አቶ ምናልባት ኮፍያውን አድርጎ ኃላፊው አጠገብ ቆሞ ነበር። እህቱ ሰዉን እየከፈለች ወደ እሱ መጣች። ፊቱ ቆማ እጇን ዘረጋች፣ ፖስተሩን ሰጣት። ማንበብ ባትችልም ሥዕል ማየት ትችላለች፤ ብዙ ቆይታ አየችው።

«ይህን አንተ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ሱፍ መሆኑንስ?»

ዓይኑ ወደተነቀለው ሱፍ ሄደ። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም። እንዲህ ያለ ኀፍረት ከዚያ በፊት አላጋጠመውም። አዝላው ያሳደገችው እህቱ፣ ልትሰድበው እንኳ ሳትፈልግ፣ ፖስተሩን አጥፋ መለሰችለት። ነጠብጣቧ ላም ከሜዳው መካከል ስትጮህ ተሰማ። ያን ጊዜ ውስጡ የነበረ አንድ ነገር ተበጠሰ። ኮፍያውን አወለቀና ኃላፊው የወረዱበት ድንጋይ ላይ ወጣ።

«አቁሙ» አለ። ድምፁን ራሱም አላወቀውም። «የምትነቅሉት ሱፍ ነው። አረሙ ይሄ ነው፣ እግራችሁ ሥር ያለው። ኮፍያችሁ ላይ ያለው። ከብቱን የሚወጋ፣ ሣሩን የሚያጠፋ፣ ውኃውን የሚጨርስ ወራሪ አረም ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ኮፍያውን አውልቆ አየ፣ ሜዳውን አየ፣ እንደገና ኮፍያውን አየ። ኃላፊው ፈገግ ብለው ባለሙያችን ፀሐይ መትቶታል ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ የመንደሩ ሰው ቀደማቸው። ላሞቹ የተወጉበት፣ ልጁ እግሩን የተወጋበት፣ ወተቱ የነጠፈበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ስንት ጊዜ ሙሉ ሲጠረጥረው የነበረ፣ ደንብ ፈርቶ ያላለው ነገር፣ በስተመጨረሻ ምናልባት የሌለበት ቃል ተነገረው። ዶማውን ይዞ ወደ አፍ ወጊው ገባ። የከተማው ሰውም ያሳፈረውን አበባ ለመበቀል ተከተለ። እግሩን የሚያነሳ ይረግጣል፣ ዱላ የያዘ ይደበድባል፣ የነቀለው ደግሞ ከራሱ በላይ እያውለበለበ ይወረውራል።

አቶ ምናልባት ድንጋዩ ላይ እንዳለ ነጩን አየ። ለወር ያህል ሲጠወልግ የሰነበተው አበባ ዛሬ ጥጡን አውጥቶ ጨርሶ ነበር። አንዱ ዱላ ሲያርፍ እፍኝ ነጭ ተነሳ፤ ሌላው ሲያርፍ ሌላ እፍኝ። ከተራራው በኩል ንፋስ መጣ።

«አትንኩት!» ብሎ ጮኸ። «አሁን አይነቀልም፣ ዘሩ ይበተናል፣ አትንኩት!»

ከቅርቡ ያለ ሽማግሌ ዶማውን ተደግፎ ቀና አለ። «ወንድሜ፣ ንቀሉ አልክ፣ እየነቀልን ነው። አሁን ደግሞ አትንኩ ትላለህ። አንዱን ምረጥ» አለውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ከእሱ ወዲያ ያለው ደግሞ አልሰማም። ዕድሜ ልኩን በሹክሹክታ የኖረ ሰው ሁለተኛውን ጩኸት ከየት ያመጣዋል። ወርዶ እየሮጠ የሰው ክንድ ያዘ፣ ዱላ ቀማ፣ ለመነ፤ የሚስቅ ሳቀበት፣ የሚገፋ ገፋው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለች አንዲት አሮጊት፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ።

ነጩ ነገር ከሜዳው እየተነሳ አየሩን ሞላው። በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ላይ፣ በማሳው ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር ላይ እየተንሳፈፈ ሄደ። ሰዉ ሥራው አልቆ ሲያርፍ ቀና ብሎ አየውና ማማሩ አስደነቀው። የሕዝብ ግንኙነቱ ፎቶ አነሳ። ኃላፊው ነገሩ እንዴት እንደሚተረክ ቶሎ ገብቷቸው ስለነበር፣ ጽሕፈት ቤቱ ባደረገው ጥናት መሠረት አረሙ በአንድ ቀን ተደመሰሰ ብለው የተሰበሰበውን ሰው አመሰገኑ። ከዚያ ሁሉም በቲሸርቱ ላይ፣ በጸጉሩ ውስጥ፣ በካልሲው ላይ ነጭ ነጭ እንደያዘ በየአውቶቡሱ ተሳፍሮ ወደየሰፈሩ ሄደ።

ሜዳው ላይ የቀሩት ወንድምና እህት ናቸው። እሷ ላሞቿን አንድ በአንድ ሰብስባ፣ ነጠብጣቧን አንገቷን ይዛ አፏን አየችላትና በጨርቅ ጠረገችላት። አጥር የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። የሱፉ ክምር ላይ ላሞቹ አልፈው ገቡ። አቶ ምናልባት ከኋላዋ ቆሞ ሊያግዛት እጁን ሰደደ፣ ግን ምን እንደሚይዝ ጠፋው። ይቅር በይኝ አላት። ለከርሞ እኔ አለሁ፣ ከደመወዜም ከጉልበቴም፣ ብቻ ላሞቹን አትሽጪ አላት። እሷ ገመዱን እየቋጠረች ላሞቹን የሚገዛ ሰው ትናንት ጠይቋት እንደነበር፣ እሷ ግን ወንድሜ አለ ብላ እንደመለሰችው ነገረችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

መሸ። ሊሄድ ሲል ከላይ እስከ ታች አየችው። ኮቱ ትከሻው ላይ፣ ኪሱ ውስጥ፣ እጥፋቱ ሁሉ ነጭ ሆኗል። በልጅነቱ ከትምህርት ቤት አፈር ለብሶ ሲመጣ ታየው በነበረው ዓይን ነው ያየችው።

«ኮትህን አራግፍ» አለችው።

«ቤት ስደርስ አራግፈዋለሁ፣ እትዬ።»

«እዚሁ አራግፈው፣ ማሙሽ። እዚያ ገና ሣር አለ።»